የቤት የድምፅ ዕቃ ለመቀየር ሲታሰብ፦ ስድስት አማራጮችና እያንዳንዱ የሚያስከትለው ወጪ

ጎንደር ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ለጥምቀት የሚመጣውን እንግዳ ለመቀበል ቤቱን አስቀድሞ ያድሳል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳሎናችንን ለበዓሉ ስናስቀባ በቡፌው ግራና ቀኝ የነበሩትን ሁለት ስፒከሮች አንሥተን ጓዳ አስቀመጥናቸው፤ ቀለሙ ሲደርቅ መልሰን ገጠምናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ቀጠነ፤ ከበሮው ከሦስት ቤት ወዲያ የሚመታ ይመስል ነበር። አምፕሊፋየሩ አርጅቷል ብዬ ደመደምሁና ጉልበት ያለው ሌላ ገዛሁ። ቀጭኑ ድምፅ ይበልጥ ጆሮ የሚወጋ ከመሆን በቀር ለውጥ አልመጣም። ቀጥሎ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የሚያገለግል ሳብዉፈር ጨመርሁ፤ እርሱ ወለል ላይ ስለሚቀመጥ ቡፌው ከቦታው ተነሣ፤ ሶኬት ስላልበቃ ዲቫይደር፣ የመብራቱ መዋዠቅ ስላሠጋኝ ደግሞ ስታብላይዘር ተከተለ። ዓቢይ ጾም ሲገባ እናቴ እንደ ልማዷ በገና እያዳመጠች ሳለ ጠራችኝና «ልጄ፣ ምን እንደሚል እኮ አይሰማም፤ ጉምጉምታ ብቻ ነው» አለችኝ።

የሠፈራችን ጠጋኝ መጥቶ ያደረገውን ዛሬም አልረሳውም። የስፒከሮቹን የፊት ጨርቅ አነሣ፤ ከግድግዳ ሰዓታችን 1.5 ቮልት ባትሪ አወጣ፤ ከአምፕሊፋየሩ የነቀላቸውን የቀኙን ስፒከር ገመድ ሁለት ጫፎች ከባትሪው ጋር እያነካካ «ጋሼ፣ ጣትዎን እዚህ ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉ» አለኝ። የስፒከሩ ወረቀት ጣቴን ወደ ውጭ ገፋው። በግራው ስፒከር ገመድ ያንኑ ሲያደርግ ወረቀቱ ከጣቴ ሸሽቶ ወደ ውስጥ ገባ። «ይኼ ሲገፋ ያኛው ይስባል፤ አንዱ የሰጠውን አንዱ እየወሰደበት ነው» አለ። ከቀለም ቅቡ በኋላ መልሰን ስንገጥም የግራውን ስፒከር ሽቦዎች ቀይና ጥቁሩን አገላብጠን አስረናቸው ኖሯል። ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ሲለዋወጡ ከበሮው ወደ ሳሎኑ ተመለሰ፤ ሳብዉፈሩም ጠፍቶ እያለ።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት የድምፅ ዕቃ መቀየር እንዲህ ያለ ተከታታይ ግዢ እንደሚያመጣ ከገዛ ኪሴ ስለተማርሁ ነው። በጎንደር ፒያሳ ባሉት ሱቆች የሚቀርበው አማራጭ ብዙ ነው፤ ሻጩ ግን ዕቃው ቤት ከገባ በኋላ ስለሚጠራው ሌላ ዕቃ የመናገር ግዴታ የለበትም። ስለዚህ መስፈርቶቹን አስቀድሜ፣ አማራጮቹን አንድ በአንድ በእነርሱ ለመመዘን እሞክራለሁ። ዋጋ በብር አልጠቀስሁም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የሚጻፍ አኃዝ ለነገ ገዢ አይጠቅምም።

የመጀመሪያው መስፈርት፦ ዕቃው ሌላ ምን ያስገዛል?

የቤት ድምፅ ሰንሰለት ነው። ከፋይሉ ወይም ከሸክላው ይጀምራል፤ በአጫዋቹ፣ በአምፕሊፋየሩ፣ በገመዱና በስፒከሩ አልፎ ክፍሉ ራሱ ላይ ያልቃል። ከእነዚህ አንዱ ሲሻሻል የሌላው ጉድለት ይገለጣል። ደከም ያለ ስፒከር ከካሴት የተገለበጠ ዘፈን ውስጥ ያለውን የሽሽታ ድምፅ ሸፍኖት ይኖራል፤ ጥሩ ስፒከር በተተካ ማግሥት ግን ሽሽታው ቁልጭ ብሎ ይሰማል። ገዢውም አዲሱ ዕቃ ልክ እንደሆነ ስለሚያምን ጥፋቱን ወደ ስልኩ ያዞራል፤ የስልኩን ድምፅ የሚያጣራ ሌላ ዕቃ ይገዛል፤ ሽሽታው ግን ከካሴቱ ጋር አብሮ የተቀዳ ስለሆነ የትም አይሄድም። በዚህ ጊዜ አምፕሊፋየሩ ይጠረጠራል።

አንዱ ግዢ ሌላውን የሚያስከትልበት ሁለተኛው ምክንያት የጆሮ መልመድ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያስደነቀ ድምፅ ከወር በኋላ ተራ ይሆናል፤ ሰውም ያንን የመጀመሪያ ሳምንት ደስታ እንደገና ለማግኘት ወደ ሱቅ ይመለሳል። ከዚህም ሌላ ዓይን አለ፦ አዲስ አምፕሊፋየር ከአሮጌ ስፒከር ጎን ሲቀመጥ አሮጌው ድምፁ ሳይለወጥ ያረጀ ይመስላል። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲሠሩ፣ ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ፣ ገዢው የመጀመሪያውን ዕቃ ዋጋ ብቻ አይቶ ይገባበታል።

ስለዚህ ማንኛውንም አማራጭ ስመዝን የምጠይቀው፣ ዕቃው ከተሰኪው እስከ ድምፁ ድረስ በራሱ የተሟላ ነው ወይስ ገመድ፣ ማስቀመጫ፣ የመብራት መከላከያ፣ ሌላ አጫዋች ይፈልጋል የሚለውን ነው። ለገዢ የሚበጀው የእነዚህን ሁሉ ድምር በወረቀት ጽፎ ከሌላው አማራጭ ድምር ጋር ማነጻጸር ነው።

ሁለተኛው፦ ክፍሉ

ያው ስፒከር በጭቃ ቤትና በብሎኬት ቤት አንድ ዓይነት አይሰማም። ሴራሚክ ወለል፣ የተለሰነ ግድግዳና ሰፊ መስኮት ያለው ሳሎን ቀጭኑን ድምፅ ከወዲያ ወዲህ ያንጸባርቃል፤ ባዶ ክፍል ውስጥ እጅ ሲጨበጨብ የሚሰማው የሚንቀጠቀጥ የገደል ማሚቶ የዚህ ምልክት ነው። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃና በጨርቅ የተሸፈነ ሶፋ ይህን ያረግቡታል። ወፍራሙ ድምፅ ግን በምንጣፍ አይያዝም፤ የ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) ድምፅ የሞገዱ ርዝመት 3.4 ሜትር ያህል ስለሆነ ስስ ነገር አያስቆመውም።

ወፍራሙን ድምፅ የሚወስነው የግድግዳው ርቀት ነው። ትይዩ ግድግዳዎቹ 4 ሜትር የተራራቁ ክፍል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ድምፅ ያጎላል፤ 3 ሜትር ከሆኑ ደግሞ 57 ኸርዝ አካባቢ ያለውን። ርዝመቱና ስፋቱ እኩል የሆነ ክፍል በርዝመቱና በስፋቱ የሚጎሉት ድምፆች አንድ ሆነው ስለሚደራረቡበት የባሰ ይጎመጉማል። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሳብዉፈር መጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው። የቆርቆሮ ጣራ ያለው ቤት የሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ጣራውን ሲደበድበው ድምፁ አነሰኝ ብሎ ዕቃ ለመቀየር መወሰን ተገቢ አይደለም። የሚነጻጸር ነገር ካለ ዝናቡ ሲያባራ ይነጻጸር።

ሦስተኛው፦ የሚደመጠው ነገር

ስብከት፣ ዜናና በገና የሚያዳምጥ ሰው የሚፈልገው ቃሉ እንዲጠራ ነው፤ የሰው ንግግር የሚለይበት ድምፅ በአብዛኛው ከመካከለኛው ክፍል ነው እንጂ ከወፍራሙ አይደለም። በገና በተለይ ጥሩ መፈተኛ ነው። አውታሩ ከብርኩማው በሚገናኝበት ቦታ የምትገባው ትንሽ ቆዳ የምታወጣውን ያንን የሚንዘረዘር ድምፅ ደካማ ስፒከር ወደ ተራ ጩኸት ይለውጠዋል፤ ጥሩ ስፒከር ግን የየአውታሩን ንዝረት ከዘማሪው ቃል ለይቶ ያሰማል። ማሲንቆም እንዲሁ፤ የጭራው ፍትጊያ ካልተሰማ አንዳች ነገር ጎድሏል። ፊልም ለሚወድ ሰው ደግሞ መስፈርቱ ይለያል፤ ወፍራሙ ድምፅና የዙሪያው ስሜት ይበልጥ ይፈለጋሉ።

እዚህ ላይ የቆዩ ቅጂዎችን ለሚወዱ አንድ ነገር ላንሣ። ብዙዎቹ የቀድሞ ቅጂዎች በአንድ ቻናል (ግራና ቀኝ ሳይለይ) የተቀዱ ስለሆኑ ለእነርሱ ሲባል አምስት ስፒከር መደርደር ምንም አይጨምርም።

አራተኛው፦ መብራትና ጥገና

የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ሄዶ ሲመጣ የሚያስከትለው ድንገተኛ ከፍታ ዕቃ ያቃጥላል። መብራት ሲጠፋ ተሰኪውን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሦ መሰካት ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። ጥገናን በተመለከተ፣ ጎንደር ውስጥ ትራንዚስተርና ፊውዝ የሚቀይሩ፣ የስፒከር ወረቀት የሚያድሱ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ፤ የአንድ ፋብሪካ ብቻ የሆነ የታተመ ሰሌዳ ሲበላሽ ግን መለዋወጫው ከአዲስ አበባ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እስኪመጣ መጠበቅ ነው፤ እዚያም ላይገኝ ይችላል።

በካርቶን ላይ ስለሚጻፈው ዋት

ወደ አማራጮቹ ከመግባቴ በፊት ብዙ ሰው የሚታለልበትን ነገር ግልጽ ማድረግ እፈልጋለሁ። ካርቶኑ ላይ «5000 ዋት» ተብሎ አጠገቡ ፒኤምፒኦ (PMPO) የሚሉ ፊደላት ካሉ ያ አኃዝ የተስማሙበት መለኪያ የሌለው ስለሆነ ለንጽጽር አይሆንም። ለንጽጽር የሚሆነው አርኤምኤስ (RMS) ተብሎ የሚጻፈው፣ ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችለው ጉልበት ነው። እርሱም ካልተጻፈ ዕቃውን አዙረው ከጀርባው ያለውን ትንሽ ጽሑፍ ያንብቡ፦ ከመብራቱ 60 ዋት ብቻ የሚወስድ ዕቃ ያለማቋረጥ ከ60 ዋት በላይ ለስፒከር ሊሰጥ አይችልም።

እውነተኛው ዋት ራሱ የሚመስለውን ያህል ለውጥ አያመጣም። ጉልበቱ ከ50 ወደ 100 ዋት ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፤ ይህም ይሰማል እንጂ ብዙ አይደለም። ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል በ1 ዋት 84 ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከርን 90 ዴሲቤል በሚሰጥ መተካት አምፕሊፋየሩን በአራት እጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ስለዚህ «ድምፁ አነሰኝ» የሚል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት የስፒከሩን አኃዝ ነው።

አማራጭ 1፦ ያለውን ማስተካከል

ብዙ ሰው ይህን እንደ አማራጭ አይቆጥረውም፤ እኔ ግን ከሁሉም አስቀድሜዋለሁ። አንድ ምሽት ይፈጃል፣ ምንም አያስገዛም፣ ጉድለቱም በእርግጥ የዕቃው መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

የሽቦዎቹን ቀይና ጥቁር ከአምፕሊፋየሩም ከስፒከሩም በኩል ያረጋግጡ። ስፒከሮቹን ከማዕዘን ያውጡ፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጎላ ከግድግዳው 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ማራቅ ብቻውን ጉምጉምታን ይቀንሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እርስዎ ከእያንዳንዳቸው ካለዎት ርቀት ጋር ተቀራራቢ ይሁን። የቀጭኑ ድምፅ ስፒከር በተቀመጡበት ከጆሮዎ ከፍታ ይሁን፤ ሶፋ ላይ ሲሆን ይህ 1 ሜትር ያህል ነው፣ ዱካ ወይም መደብ ላይ ግን ዝቅ ይላል። ቡፌ ጫፍ ላይ ጣራ ሥር የተሰቀለ ስፒከር ቃሉን ወደ ኮርኒሱ ነው የሚናገረው።

ቀጥሎ ፋይሉን ይመልከቱ። ሲዲ በሰከንድ 1411 ኪሎ ቢት ይይዛል፤ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የሚዘዋወረው ኤምፒ3 ደግሞ ብዙ ጊዜ 128 ብቻ ነው። ያንኑ ሥራ በ320 ወይም ከሲዲው በቀጥታ ገልብጦ ማዳመጥ አንዳንድ ጊዜ ስፒከር ከመቀየር ይበልጣል።

አማራጭ 2፦ ብሉቱዝ ስፒከር

በራሱ የተሟላ ነው፤ ከስልክ ሌላ ምንም አይጠራም፤ መብራት ሲጠፋም ይሠራል። ለንግግርና ለአንድ ሰው ክፍል በቂ ነው። ድምፁ ከአንድ ሳጥን ስለሚወጣ የግራና ቀኝ ስፋት የለውም፤ ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ይደክማል። ባትሪው የሚቀየርለትን መርጦ መግዛት ዕድሜውን ያረዝመዋል።

አማራጭ 3፦ ሳውንድ ባር

ስስ ቴሌቪዥኖች ስፒከራቸው ትንሽና ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ በመሆኑ የዜና አንባቢው ቃል ሳይቀር ይደበዝዛል። ለዚህ ችግር ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረጅምና ስስ ስፒከር፣ ቀጥተኛ መልስ ነው። ከመግዛት በፊት ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (HDMI ARC) የሚል የገመድ መግቢያ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል፤ ከሌለ በኦፕቲካል ገመድ ወይም በጃክ መሥራቱን ሱቁ ውስጥ ማረጋገጥ ነው፤ አለዚያ ባሩ ቴሌቪዥን ያስቀይራል። ተከታይ ግዢው አጭር የሆነበት ምክንያት ሳጥኑ ዝግ ስለሆነና በከፊል ስለማይቀየር ነው። ይኸው ዝግነቱ ግን ለጥገና አይመችም፤ ውስጡ ያለው ሰሌዳ ሲቃጠል ሙሉው ዕቃ ይጣላል።

አማራጭ 4፦ በጥቅል የሚሸጥ ሆም ቴአትር

አምስት ትንንሽ ስፒከሮችና አንድ ሳብዉፈር ያለው ጥቅል በካርቶኑ ብዛት ያማልላል። ሁለቱ የኋላ ስፒከሮች ከተቀማጩ ጀርባ መቀመጥ አለባቸው፤ ሶፋው ግድግዳ በተደገፈበት ሳሎን ውስጥ ደግሞ ከጀርባ ቦታ የለም፤ ገመዱም በሩን አቋርጦ ማለፍ ይኖርበታል። በዚህ ምክንያት በብዙ ቤት ያየሁት አምስቱም በቡፌው ላይ ፊት ለፊት ተደርድረው ነው። እንዲህ ሲሆኑ ከሁለት ደህና ስፒከር ያነሰ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው። ሌላው ችግር ብዙዎቹ ጥቅሎች ገመዳቸውና የኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) ልካቸው ለራሳቸው ዋና ዕቃ ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው። ዋናው ዕቃ ሲሞት ስድስቱ ስፒከሮች ከሌላ አምፕሊፋየር ጋር ስለማይስማሙ ያለ ሥራ ይቀራሉ፤ ገዢውም ከዜሮ ይጀምራል። ሰፊ ሳሎን ኖሮት፣ ሶፋውን ከግድግዳ አውጥቶ ፊልም አዘውትሮ ለሚያይ ቤተሰብ ካልሆነ በቀር አልመክረውም።

አማራጭ 5፦ አምፕሊፋየሩ በውስጡ ያለ የስፒከር ጥንድ

ሁለት መካከለኛ ሳጥኖች ሆነው አምፕሊፋየሩ በአንዱ ወይም በሁለቱም ውስጥ የተገጠመ ነው። ስልክን በብሉቱዝ ወይም በጃክ፣ ቴሌቪዥንን በገመድ ይቀበላል። የዚህ አማራጭ ትልቁ ጥቅም «አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ አነሰው ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ መዝጋቱ ነው፤ ሁለቱን ያጣመረው ፋብሪካው ስለሆነ በመካከላቸው የሚገዛ ነገር የለም። እውነተኛ ግራና ቀኝ አለው፤ ለማሲንቆውም ለቃሉም ይሆናል። ደካማ ጎኑ አምፕሊፋየሩ ሲበላሽ ስፒከሩ አብሮ ከጥቅም ውጭ መሆኑ ነው፤ ቢሆንም የአንዳንዶቹ አምፕሊፋየር ተራ ዕቃዎች ያሉት ስለሆነ ጠጋኝ ሊያነሣው ይችላል። ከ4 በ4 ሜትር ለማይበልጥ ሳሎን፣ ከሁሉም አማራጮች ተከታይ ወጪን ከድምፅ ጥራት ጋር በሚገባ ያስታረቀው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

አማራጭ 6፦ አምፕሊፋየርና ስፒከር ለየብቻ

ለሙዚቃ ከሁሉም የላቀ ድምፅ የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ የግዢው ሰንሰለት ረጅሙም ይኸው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ስለሚቀየር ሁልጊዜ የሚቀየር ነገር ይኖራል። በሌላ በኩል የተበላሸው ብቻ ስለሚጠገን ለሃያና ሠላሳ ዓመት የሚያገለግል ዕቃ ሊሆን ይችላል፤ ጠጋኞቻችንም ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ይህን ነው። ስለዚህ ጥቅሙ የሚገኘው ሲገዛ ማቆሚያውን አስቀድሞ ለወሰነ ሰው ነው።

ቅደም ተከተሉ ከስፒከሩ ይጀምር። ከተመደበው ገንዘብ ቢያንስ ግማሹ ለስፒከር ይዋል፤ በድምፁ ላይ ከክፍሉ ቀጥሎ ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው እርሱ ነውና። አምፕሊፋየሩ ከስፒከሩ የኦም ልክ ጋር ይስማማ፤ ለ8 ኦም ብቻ የተሠራ አምፕሊፋየር ባለ 4 ኦም ስፒከር ሲታሰርበት ከሚችለው በላይ ኤሌክትሪክ ስለሚወጣው ይግላል፣ ሊቃጠልም ይችላል።

ገመድ ላይ ገንዘብ ማባከን አያስፈልግም። ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ 5 ሜትር የመዳብ ገመድ ደርሶ መልስ ያለው ተቃውሞ 0.12 ኦም ያህል ነው፤ ለባለ 8 ኦም ስፒከር ይህ ኢምንት ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ የሚገኘው ባለ 2.5 ካሬ ገመድ ከዚያም ያነሰ ተቃውሞ አለው። ገመድ ሲቀየር የሚሰማ ለውጥ ካለ፣ አሮጌው ገመድ ተበጥሶ ወይም ጫፉ ዝጎ ነበር ማለት ነው።

ከውጭ አገር ዘመድ ስለሚላክ አምፕሊፋየርም ማስጠንቀቅ አለብኝ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ከጀርባው 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ በቀጥታ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ለእርሱ የሚሆን ከባድ ትራንስፎርመር ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። የሚላከው ዕቃ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን ወይም የቮልት መምረጫ እንዳለው ላኪው ፎቶ አንሥቶ ቢያሳይ ሁለቱም ወገን ከጸጸት ይድናሉ።

ሸክላ ማጫወት የሚፈልግ ሰው፣ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ከመሠረተው አምሃ ሬከርድስ የወጡትን የመሳሰሉ ሸክላዎች በእጁ ካሉ፣ ፍላጎቱን በደንብ እረዳለሁ። ይሁን እንጂ የሸክላ ማጫወቻ መርፌው ያልቃል፤ ከመርፌው የሚወጣው ድምፅ ደካማ ስለሆነ ቅድመ ማጉያ ይጠይቃል፤ መደርደሪያውም ከንዝረት ነፃ መሆን አለበት። ከመርፌ ጀምሮ ሁሉም ደረጃ አለው፤ ስለዚህ ሌላው ሰንሰለት ተረጋግቶ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳያልፍ አይጀመር።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚያስከትለው ግዢ | ለንግግርና ለበገና | ለሙዚቃ | መብራት ሲጠፋ | ጥገና |
|---|---|---|---|---|---|
| ያለውን ማስተካከል | የለም | እንደ ዕቃው፤ ብዙ ጊዜ ይሻሻላል | እንደ ዕቃው | እንደ ዕቃው | አይመለከተውም |
| ብሉቱዝ ስፒከር | የለም ማለት ይቻላል | ጥሩ | ውሱን | ይሠራል | ባትሪው ከተቀየረ ይቻላል |
| ሳውንድ ባር | ገመድ፤ ቴሌቪዥኑ ካልተስማማ ብዙ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ | አይሠራም | አስቸጋሪ |
| ጥቅል ሆም ቴአትር | ረጅም ገመድ፣ ማንጠልጠያ፣ በመጨረሻ ሙሉ ቅያሪ | መካከለኛ | መካከለኛ | አይሠራም | አስቸጋሪ |
| አምፕሊፋየር ያለው ጥንድ | ማስቀመጫ፣ አንድ ገመድ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | አይሠራም | መካከለኛ |
| ለየብቻ | ገመድ፣ ማስቀመጫ፣ አጫዋች፣ የመብራት መከላከያ | እንደ ምርጫው | ከሁሉ የላቀ | አይሠራም | ቀላል |

ለማን የትኛው

በቤት ውስጥ ስብከትና መዝሙር ለሚያዳምጡ እናትና አባት ከጎናቸው የሚቀመጥ ብሉቱዝ ስፒከር ይበቃል፤ ቁልፎቹ ትልልቅና ጥቂት የሆኑለትን መምረጥ ከድምፅ ጥራቱ እኩል ዋጋ አለው። ማራኪ አካባቢ ክፍል ተከራይቶ ለሚማር ተማሪም እንዲሁ፤ ግድግዳውን ከጎረቤት የሚጋራ ሰው ወፍራም ድምፅ ያለው ዕቃ ቢገዛ ዝቅ አድርጎ ማዳመጡ አይቀርም፣ ለጆሮ ማዳመጫ የሚያወጣው ገንዘብ የበለጠ ይክሰዋል። ቴሌቪዥን ላይ ለሚያተኩር ቤተሰብ ሳውንድ ባር፣ ሙዚቃ ለሚወድና ተከታይ ወጪ ለማይፈልግ አምፕሊፋየር ያለው ጥንድ ተገቢ ነው።

ለማኅበር፣ ለክርስትናና ለሠርግ የሚሆን ድምፅ የሚያስብ ሰው ካለ ሞንታርቦ ለዕለቱ ይከራይ። በዓመት ሁለት ቀን ለሚያስፈልግ ጉልበት ሳሎኑን በትልልቅ ሳጥን ማጣበብ፣ ከዚያም ለእርሱ የሚሆን አምፕሊፋየር መፈለግ፣ የዕለት ማዳመጥን ያበላሻል።

በገንዘብ ረገድ፣ እጁ ያጠረ ሰው አማራጭ 1ን በሚገባ ሠርቶ ትርፉን ለምንጣፍና ለመጋረጃ ቢያውል ቤቱም ድምፁም ይጠቀማሉ። መካከለኛ አቅም ያለው አማራጭ 5ን ገዝቶ ከገንዘቡ አንድ አሥረኛውን ለስታብላይዘርና ለማስቀመጫ ያስቀር። ከፍ ያለ አቅም ያለው ሰው ወደ አማራጭ 6 ሲሄድ ያለውን ገንዘብ በሙሉ በአንድ ጊዜ ለተመጣጠነ ሙሉ ስብስብ ያውል እንጂ በየወሩ አንድ አንድ ክፍል አይግዛ፤ በየተራ የተገዛ ዕቃ ቀድሞ የመጣውን ያሳንሳል።

በግዢው ቀን

የሚያውቁትን ሦስት ቅጂ በፍላሽ ይያዙ፤ አንዱ ንግግር፣ አንዱ በገና ወይም ማሲንቆ፣ አንዱ ከበሮ ያለበት ይሁን። ሻጩ ራሱ የመረጠውን ሳይሆን የእርስዎን ያጫውት። ሁለት ዕቃ ሲያነጻጽሩ ድምፃቸው እኩል እንዲሆን ያድርጉ፤ ጆሮ ትንሽ ከፍ ያለውን የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ በዚህች ልዩነት ብቻ የሚሸጥ ዕቃ ብዙ ነው። ሱቁ ሰፊና ጫጫታ የበዛበት ስለሆነ የመጨረሻው ፍርድ ቤትዎ ውስጥ መሆኑን ለሻጩ ነግረው በሦስት ቀን ውስጥ ለመመለስ በደረሰኙ ላይ በጽሑፍ ይስማሙ። ሻጩ ይህን ካልተቀበለ ሌላ ሱቅ ይሞክሩ።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት ግን የጎደለውን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉት፦ በየትኛው ቅጂ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ምን አልተሰማም? «ድምፁ ደስ አይልም» የሚለው አይበቃም፤ «በሦስተኛው ደቂቃ ዘማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ቃሉ ይጠፋል» የሚለው ይበቃል። አዲሱ ዕቃ ያንን ደቂቃ ካስተካከለ ግዢው አልቋል፤ ሌላ የሚገዛ የለም። በእሱ የተተካውንም አሮጌ ዕቃ ጓዳ ከመወርወር፣ ሳይበላሽና ዋጋ ሳያጣ በዚያው ሳምንት ይሽጡት ወይም ለሚፈልገው ይስጡት። እኔ አምፕሊፋየሩንና ሳብዉፈሩን ለአንድ የአዘዞ ሰው ሸጫቸዋለሁ፤ እናቴም በገናዋን በቀድሞዎቹ ሁለት ስፒከሮች ታዳምጣለች፤ ሁለቱም ከግድግዳው 45 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ታስረው ቆመዋል።